ከቋጥኝ የተለቀመው ሻይ እና የእትዬ ማርታ ክበብ

ስብሰባ ላይ እጅ ማውጣት ጥሩ ነገር ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ሰውዬው በዚያ ዘመን መሥሪያ ቤት ውስጥ ያልሠራ መሆኑን እወቁ። በዚያ ዘመን የምለው ሁላችንም ጓድ በነበርንበት ዘመን ነው። እጁን ያወጣ ሰው ሐሳቡን ጨርሶ ሳይቀመጥ «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ሐሳቡን ያመነጩት ጓድ ራሳቸው ያስፈጽሙት» ይባላል። ስሙ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ በኋላ የቀረው ዕድሜው የዚያ ሐሳብ ነው። ግቢው ውስጥ ዛፍ ይተከል ያለው ባልደረባችን ክረምቱን ሙሉ ጉድጓድ ሲቆፍር ከርሟል። መጸዳጃ ቤቱ ይጠገን ያለውን ግን አልነግራችሁም፤ ምሳ እየበላችሁ ሊሆን ይችላል።

እኔ አዋሳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ተዉት። ለዓመታት እጄን ጠረጴዛ ሥር ቀብሬ፣ ለጭብጨባ ካልሆነ በቀር ሳላወጣው፣ በሰላም ኖሬአለሁ። ታዲያ አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ውይይት ላይ፣ ይኸው እጄ እኔን ሳያማክር ብድግ አለ።

ጥፋቱ የእትዬ ማርታ ፊት ነው። እትዬ ማርታ የመሥሪያ ቤታችንን ሻይ ክበብ የያዙ ሴት ናቸው። ክበብ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አራት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የከሰል ምድጃና አንዲት መስኮት ናት። ከዚያች መስኮት ግን አራት ልጆቻቸው ይበሉ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። የወንጌል አማኝ ናቸው፤ ጮክ ብሎ መጸለይ በማያዋጣበት በዚያ ጊዜ፣ ሻይ ከማቅረባቸው በፊት ዓይናቸውን ለአንድ አፍታ ጨፈን ያደርጋሉ። አዲስ የተቀጠረ ሰው ሴትዮዋ ቆመው የሚያንቀላፉ ይመስለው ነበር።

ያን ሰሞን ስኳር ከከተማው ድራሹ ጠፍቷል። የቀበሌው ሱቅ በር ላይ ግማሽ ቀን ተሰልፈን ይዘን የምንመለሰው ወሬ ብቻ ነው። ስኳር ከሌለ ደግሞ ሻይ የለም። እኛ ሻይ የምንለው ማንኪያ ቢተክሉበት ስኳሩ ቀጥ አድርጎ የሚያቆመውን ነው። ስለዚህ የክበቡ ወንበሮች ባዶ ሆኑ። በዚያች ሰኞ ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ታደሰ፣ ስብሰባውንም የሚመሩት እሳቸው ነበሩ፣ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ከወረቀት አነበቡ።

«ሰው የማይገባበት ክበብ ለአብዮቱ አይጠቅምም። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ተዘግቶ የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ይሁን። ወይዘሮ ማርታም በምስጋና ይሰናበቱ። ተቃውሞ አለ?»

ተቃውሞ አለ ተብሎ ሲጠየቅ ሁላችንም ጫማችንን ነው የምናየው። እኔ ግን ዞር ስል እትዬ ማርታን አየኋቸው። የኋለኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሽርጣቸውን በሁለት እጃቸው ጨምቀው ይዘዋል። አላለቀሱም። ቢያለቅሱ ኖሮ እኔም አብሬ አልቅሼ እጄ አርፎ ይቀመጥ ነበር።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ ስኳር የማይፈልግ ሻይ አለ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድምፁ የራሴ ነው።

አዳራሹ ሳቀ። ጓድ ታደሰ አልሳቁም። «ጥሩ ሐሳብ ነው» አሉ። «ሐሳቡን ያመነጩት ጓድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሠራተኛው በሙሉ ያቅምሱ። ስለ ሻዩም ገለጻ ያድርጉ። ሠራተኛው ያለ ስኳር ከጠጣ ክበቡ ይቀጥላል። ካልጠጣ ወይዘሮ ማርታ ቁልፉን ያስረክባሉ።»

አሁን እናንተ ይህ ሰው ስለዚያ ሻይ ብዙ ቢያውቅ ነው ትሉ ይሆናል። ቀምሼው አላውቅም! ቡሹሎ በኩል የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሚስተር ሊን የሚባል ቻይናዊ ባለሙያ ነበር። የጠፋበትን የጉድጓድ ካርታ እኔ ከከብት ክትባት ፋይል ውስጥ አገኘሁለት። (ማን እዚያ እንዳስገባው አትጠይቁኝ፤ እኔ ነኝ።) እሱም በምስጋና አንድ ትልቅ ጣሳ ሻይ ሰጠኝና «ስኳር የለ» አለኝ። ስኳር አይጨመርበትም ማለቱ ይሁን ስኳር አጥቶ ማዘኑ ይሁን እንኳ ገና አላጣራሁም ነበር። በዚህች እውቀት ነው እንግዲህ የአንዲት ሴት እንጀራ ላይ የተወራረድኩት።

የዚያኑ ዕለት ቤቴ ገብቼ ጣሳውን ስከፍት ቀልቤ ተገፈፈ። ቅጠሉ ጥቁር፣ ረዥምና የተጠማዘዘ ነው፤ ከሰል ከሰል ይሸታል። «ሰውዬው ያረረ ሻይ ሰጠኝ» አልኩ። ቢሆንም ሻይ ማፍላት የሚያቅተው ሰው የለምና ሁለት እፍኝ ድስት ውስጥ ጨምሬ እንደ ሹሮ እስኪንተከተክ ተውኩት። ግማሽ ሰዓት ያህል። ከዚያ ቀድቼ ጠጣሁ። ኮሶ የጠጣ ሰው አይታችሁ ከሆነ ያን ጊዜ የነበረውን ፊቴን አይታችኋል። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቆ የጎረቤቴን ሰላምታ መመለስ አቃተኝ። ስድሳ ሠራተኛ ያለ ስኳር የማጠጣው እንግዲህ ይህንን ነው! የእትዬ ማርታ ልጆች አንድ በአንድ በዓይኔ መጡ። ፈራሁ፤ በእውነት ፈራሁ።

በማግሥቱ ጣሳውን አቅፌ ሚስተር ሊን ማረፊያ ሄድኩ። ያደረግሁትን ስነግረው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ግማሽ ሰዓት» አለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና «ግማሽ ሰዓት» አለ። መርዶ የተነገረው ሰው ነው የሚመስለው። ከዚያ ተነሣና ውኃ ጣደ።

ሚስተር ሊን አማርኛ የተማረው ከጉድጓድ ቆፋሪዎች ነው። ስለዚህ አጥብቆ የሚያውቃቸው ቃላት «ሳብ»፣ «ልቀቅ»፣ «ዝጋ»፣ «በቃ» እና እዚህ ልጽፋቸው የማልችል ሌሎች አራት ናቸው። ሻይ አፈላልም ያስተማረኝ በዚሁ አማርኛ ነው። ውኃው ሲፍለቀለቅ «ልቀቅ!» ይላል፤ ቅጠሉ ላይ እቀዳለሁ። «ዝጋ!» የበራዱን ክዳን እገጥማለሁ። ገና እጄን ሳላነሣ «ሳብ! ሳብ! በቃ!» ብሎ ይጮሃል፤ ተደናግጬ ወደ ሲኒው እገለብጣለሁ። ጎረቤቶቹ ቤት ውስጥ ጉድጓድ የሚቆፈር መስሏቸው በመስኮት አዩን።

ጠጣሁ። ምን ልበላችሁ፤ ትናንት የቀቀልኩትና ዛሬ የጠጣሁት አንድ ቅጠል ናቸው ቢባል በመሐላም አላምን።

የቀረውን የፕሮጀክቱ አስተርጓሚ ሞላልኝ። ሚስተር ሊን አገር ዉዪ የሚባሉ ተራሮች አሉ፤ ተራራ ከማለት ወጥ ቋጥኝ ማለት ይቀላል። ሻዩ የሚበቅለው ሜዳ ላይ ሳይሆን በቋጥኙ ስንጥቅ ውስጥ፣ ቁና በማይሞላ አፈር ላይ ነው። ዝናቡ ድንጋዩን እያጠበ ሥሩ ድረስ ይወርድለታል፤ ጉሙ ፀሐይዋን ይከልልለታል። የተለቀመው ቅጠል ጠውለግ እስኪል ይሰጣል፤ ከዚያ በሰፌድ እየተንገዋለለ ጠርዝ ጠርዙ ቀላ ይላል። አረንጓዴም አይተዉት፣ ጨርሶም አያጠቁሩት፤ መሐል መንገድ ላይ ያስቆሙታል። ኡሎንግ የሚሉት ይኼንን ነው። በመጨረሻ በከሰል ረመጥ ቀስ ተብሎ ደጋግሞ ይጠበሳል። እኔ ያረረ ያልኩት ለካ ስንት ሰው እንቅልፍ ያጣበት ኖሯል! ከእነዚያ ቋጥኞች ስም ያወጡ ሻዮች ብዙ ናቸው፤ ታላቁ ቀይ ካባ የሚባል አለ፣ የብረቱ መነኩሴ የሚባል አለ፣ ወርቃማው የውኃ ኤሊ የሚባልም አለ። እኔ ጣሳ ውስጥ ያለው ደግሞ ስሙ ቀረፋ ነው። ቀረፋ በአጠገቡ ሳያልፍ በተፈጥሮው ቀረፋ ቀረፋ ስለሚሸት ነው አሉኝ። ይህቺን ልብ በሉልኝ፤ መዘዟን አይቻለሁ።

ረቡዕ ዕለት እትዬ ማርታን ክበቡ ውስጥ ማስተማር ጀመርኩ። የመጀመሪያው ውኃ ቅጠሉን አጥቦ የሚደፋ መሆኑን ስነግራቸው ግን በራዱን ከእጄ ነጠቁኝ።

«ምን አልክ?»

«ይደፋል፣ እትዬ። ሕጉ ነው።»

«ልጄ፣ አምላክ በድንጋይ ላይ ያበቀለውን አንተ መሬት ላይ ልትደፋ? እኔ እዚህ ኃጢአት ውስጥ የለሁበትም!»

ብለምን ብሠራ እምቢ አሉ። ሚስተር ሊን ራሱ መጥቶ በዚያ ውኃ ሲኒዎቹን አሙቆና አለቃልቆ ሲያሳያቸው ነው የተረጋጉት። «እሱስ ሥራ ሠራ፤ ሥራ ሠርቶ ከሄደ ደግ» አሉ። ከዚያ በኋላ ግን ከእኔ ቀድመው ገባቸው። እኔ ሰዓት እያየሁ እሳስታለሁ፤ እሳቸው ያቺን ጸሎታቸውን ዓይናቸውን ጨፍነው አድርሰው ሲገልጡ ሻዩ ልክ ደርሶ ይገኛል።

የቀረው ሲኒ ነበር። ይህ ሻይ በብርጭቆ አይሆንም፤ በሲኒ ነው ወጉ። ስድሳ ሲኒ ያለው ደግሞ የእትዬ ማርታ ሰፈር እድር ብቻ ነው። የእድሩ ዳኛ ፈቀዱ፤ ነገር ግን በደንቡ መሠረት ሲኒ ብቻውን አይወጣም፤ ከወጣ አግዳሚ ወንበሩም ድንኳኑም አብሮ ይወጣል አሉን። ደንብ ነው፤ ምን ይደረጋል? ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሚስተር ሊን ከቡሹሎው ጉድጓድ ያስቀዳው ውኃ፣ የሲኒው ሳጥን፣ ወንበሩና ድንኳኑ በአንድ ጋሪ ተጭነው ፒያሳን አቋርጠው ወደ መሥሪያ ቤታችን መጡ። እኔ ከኋላ፣ ጣሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ አንገቴን ደፍቼ ገለጻዬን እያጠናሁ እከተላለሁ።

የእድር ድንኳን የጫነ ጋሪ፣ ከኋላው አንገቱን የደፋ ሰው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ? የአዋሳ ሰው ደግሞ ለቅሶ አይቶ ዝም አይልም። አንዷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከተለችን፣ ከዚያ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከዚያ ከሱቅ የወጡ፣ ከዚያ ለምን እንደሚሄዱ ያልጠየቁ። ግቢው በር ስደርስ ዞር ብል ሃያ ያህል ሰው ከኋላዬ ደረቱን ይዞ ቆሟል። አንድ ሽማግሌ ዘበኛችንን ጋሽ በየነን «ሟቹ ማናቸው?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ በየነም ቅን ሰው ናቸው፤ አሰቡ አሰቡና፣ «ጓድ ታደሰን ከጠዋት ጀምሮ አላየኋቸውም» አሉ።

ለቅሶው ፈነዳ። አንዲት ሴት «እንዲያው ምን አገኛቸው፣ እንዲያ ቆፍጣና ሰው!» ብለው ሲያነሡ፣ ጓድ ታደሰ ጩኸቱ ምንድን ነው ብለው ከቢሯቸው ብቅ አሉ። አልቃሾቹ በእፎይታ አቀፏቸው። ጓድ ታደሰ ግን በእኔ ላይ ያፈጠጡት ዓይን ዛሬም ይታየኛል። «ይግቡ» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው። «ሁሉም ይግቡ። ሕዝቡ ራሱ ይፍረድ።» እንግዲህ ስድሳው ሰማንያ ሆነ።

አዳራሹ ሞላ፤ ሚስተር ሊንም ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ለገለጻ ቆምኩ። ስለ ቋጥኙ፣ ስለ ጉሙ፣ ስለ ረመጡ ተናገርኩ፤ ሰው ጸጥ ብሎ ሰማኝ፤ ምላሴ ተፈታ፤ ማቆም ሲገባኝ ታላቁ ቀይ ካባ ላይ ደረስኩ። ቀይ የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ያዋጣል ብዬ ነው። አንድ ታማሚ በዚያ ሻይ እንደዳነና ቁጥቋጦው ከምስጋና ቀይ ካባ እንደለበሰ አወራሁ።

«ካባውን ያለበሰው ማነው?» አሉ ጓድ ታደሰ።

«ንጉሡ» አልኩ፣ ከማለቴ በፊት አፌን በቆረጠው። ንጉሥ የሚለው ቃል ደግሞ በዚያ ዘመን ከአፍ የሚወጣ አልነበረም። «ማለትም... ንጉሡ የራሱን ካባ አውልቆ፣ በቋጥኝ ላይ በላቡ ለሚኖር፣ ሜዳ ለተነፈገ ተክል አስረከበ ማለት ነው።»

ጋሽ በየነ ከበሩ ላይ አጨበጨቡ። አዳራሹ ተከተለ። ጓድ ታደሰም ማጨብጨብ ግድ ሆነባቸው፤ እኔም ቶሎ ብዬ «ልቀቅ!» አልኩ።

እትዬ ማርታ በሦስት በራድ ቀዱ። ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ፤ ገለጡ። ሲኒዎቹ ዞሩ። ሃያው ከጎረቤቱ ሲኒ እየተጋራ፣ ሰማንያ ሰው ፉት ሲል ሰማሁ። እትዬ ማርታ ሽርጣቸውን ያዙ። እኔ የምይዘው ስላልነበረኝ የእሳቸውን ሽርጥ ጫፍ ያዝኩ።

«ቀረፋ አለበት!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

ከተማው ውስጥ ስኳር ብቻ ሳይሆን ቀረፋም ከጠፋ ቆይቷል። ማጉረምረም ተጀመረ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ይህ የቋጥኝ ሻይ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ከተዋጠ በኋላ፣ ጉሮሮ ካለፈ ወዲያ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጣፋጭነት ይመለሳል። ጓድ ታደሰ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ምላሳቸውን አጣጣሙ። ፊታቸው ቀስ እያለ ጠቆረ።

«ስኳር አለበት» አሉ። ከዚያ ጠረጴዛውን መቱ። «ሕዝብ በተቸገረበት ሰዓት ስኳር ደብቃችኋል! ይፈተሽ!»

የፍተሻ ኮሚቴ እዚያው ተመረጠ፤ ሦስት ሰዎች። ጣሳውን ገለበጡ፣ የውኃውን ጀሪካን አሸተቱ፣ ምድጃውን ከሥሩ አዩ። የእኔ ኪስ ተፈተሸ፤ ማበጠሪያና የቀበሌ ራሽን ካርዴ ወጡ። ካርዱ የስኳሩ ረድፍ ላይ ባዶ ነው፤ አንድም ማኅተም የለበትም። ኮሚቴው ማስረጃ ነው እያለ በየመሐሉ ሻዩን ደጋግሞ መቅመሱን ሳልጠቅስ አላልፍም። በመጨረሻ ወደ እትዬ ማርታ ሽርጥ ሲመጡ፣ እሳቸው ራሳቸው ኪሱን ገልብጠው አሳዩ።

«ጓድ ታደሰ» አሉ፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። «እኔ ቤት ስኳር ቢኖር ኖሮ ከእርስዎ በፊት ልጆቼ ያገኙት ነበር። ፈልጉ፤ ካገኛችሁ ለእነሱ ውሰዱላቸው።»

ፈታሾቹ ሽርጡን ሳይነኩ ወደ ኋላ አሉ። ሚስተር ሊን ከጥግ ተነሥቶ፣ በዚያች እስከ ሐይቁ በምትሰማ የጉድጓድ ድምፁ፣ «ስኳር የለ! ድንጋይ! ድንጋይ ነው!» አለና ሲኒውን ወደ ላይ አነሣ።

ኮሚቴው ተፈራርሞ ሪፖርት አቀረበ፤ በተደረገው ጥብቅ ፍተሻ ምንም ዓይነት ስኳር አልተገኘም። አንባቢዎቼ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገባችሁ? ሠራተኛው ያለ ስኳር መጠጣቱን በፊርማ ያረጋገጡልን ራሳቸው ናቸው! እኔ አንድ ወር ብናገር እንዲህ አላሳምንም ነበር። ደስታዬ ከአቅም በላይ ሆኖ ሁለተኛውን ዙር ስቀዳ ግማሹን ጫማዬ ላይ አፈሰስኩት።

ይህ ቅጠል ደግሞ በአንድ ውኃ የሚያልቅ አይደለም። ሁለተኛው ከአንደኛው በለጠ፤ ሦስተኛው ላይ አልቃሾቹና ሒሳብ ክፍሎች ዝምድና ቆጠሩ፤ አራተኛውና አምስተኛው ላይ አዳራሹ በሳቅ ይናጥ ነበር። ለቅሶ የመጡት ሽማግሌ ሰባተኛው ላይ፣ «ሰው ያልሞተበት እንዲህ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም» አሉ። ስምንተኛው ሲዞር ጓድ ታደሰ ሲኒያቸውን ጨርሰው ተነሡ።

«ይሄኛው ከሁሉ ይበልጣል» አሉ። «አልክድም። ነገር ግን ጓዶች፣ እውነቱን እንነጋገር፤ ጣሳው ባዶ ነው። ቻይና ሩቅ ነው። ሰኞ ወይዘሮ ማርታ ምን ሊያፈሉ ነው?»

ትክክል ናቸው። አምስት ቀን ሙሉ ስለ ቅዳሜ ስጨነቅ ከቅዳሜ ቀጥሎ እሑድና ሰኞ እንደሚመጡ አላሰብኩም ነበር።

«ሰኞ አሁን የጠጡትን ነው የማፈላው» አሉ እትዬ ማርታ።

«ጣሳው አልቋል እኮ ነው የምለው።»

«ጣሳውማ ሰባተኛው ላይ አልቋል። ስምንተኛው የዚሁ የአገራችን ሻይ ነው፤ መደርደሪያዬ ላይ አቧራ ሲጠጣ የከረመው።» ከሲኒው ሳጥን ውስጥ የተቀደደ የሻይ ፓኬት አውጥተው ከፍ አድርገው አሳዩ። «ጥፋቱ ስንቀቅለው መኖራችን ነው። የፈላ ውኃ አፍስሰውበት ቶሎ ሲቀዱት ስኳር አይጠይቅም። እርስዎም አልጠየቁም።»

እኔ ከጎናቸው ቆሜ አላየኋቸውም! አንድም ሰው አላያቸውም! ሚስተር ሊን ሲኒውን አሸተተ፣ ፓኬቱን አየ፣ እትዬ ማርታን አየ፤ ከዚያ ሁለት እጁን አጋጥሞ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው። አዳራሹ በጭብጨባና በእልልታ ተናጋ። እልልታውን ያስነሡት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የመጡት ሴቶች ናቸው። ጓድ ታደሰ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞረው፣ «ክበቡ ይቀጥላል ብለህ ጻፍ» አሉ። እኔ አለቀስኩ፤ አልደብቃችሁም።

ሰኞ ጠዋት ስገባ የክበቡ ሰልፍ እስከ ግቢው በር ደርሶ፣ መጨረሻው ላይ ጋሽ በየነ ራሳቸው ተሰልፈው ነበር። ሰው ሁሉ ስኳር መፈለጉን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ የድንጋዩ ቃና ይሰማኛል አይሰማኝም እያለ ይከራከራል። ጓድ ታደሰ እንደ ልማዳቸው ሰልፉን በጎን አልፈው መስኮቷ ዘንድ ቀረቡና እጃቸውን ዘረጉ። እትዬ ማርታ ከሚቀዱት ሲኒ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ በትሕትና ተናገሩ።

«እንደምን አደሩ፣ ጓድ። ከጋሽ በየነ ኋላ ነዎት።»